«ከኋላው ማን አለ?» ከተባለ በኋላ

ጎንደር ውስጥ የጦርነት ወሬ ሲነሳ፣ የሱዳንም ይሁን የሶርያ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ አንዱ «ከኋላው ማን አለ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ትክክል ነው። ችግሩ የአንድ አገር ስም እንደተጠራ ሁሉም «ድሮስ!» ብሎ ነገሩን መዝጋቱ ነው። ስም ብቻውን አይናገርም። ሰጪው የሚሰጠው ምንድን ነው? በየት በኩል ያልፋል? ስንት ቀን ያዋጋል? ያቆመ ዕለትስ ምን ይቀራል? ወሬው የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ባይሆንም ቁም ነገሩ ያለው ግን እዚህ ጋ ነው።

(የአገራችንን ጉዳይ በእኛ አቆጣጠር፣ የውጩን እ.ኤ.አ. ብዬ ጽፌዋለሁ።)

ከእህልና ከጥይት እንነሳ። አምስት መቶ ሰው ያለው አንድ ታጣቂ ኃይል እናስብ፤ ትንሽ ነው፣ ዜና ላይ «አነስተኛ ቡድን» የሚባለው ዓይነት። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብንቆርጥ በቀን ሁለት ኩንታል ተኩል፣ በወር ሰባ አምስት ኩንታል ይሆናል። ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ጢም ብሎ የሚጭነውን ያህል ነው፤ ጨውና ዘይት፣ መድኃኒትና ጫማ ሳይቆጠር። ጥይቱን ደግሞ እንይ። የክላሽ ካዝና 30 ጥይት ይይዛል፤ ጣቱን ከቃታው ላይ ያላነሳ ጀማሪ በሦስት ሰከንድ ያህል ይጨርሰዋል። ለእያንዳንዱ ሰው አራት ካዝና ቢታደል 120 ጥይት፣ ለአምስት መቶው 60,000 ነው። አንዱ ጥይት 16 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ሳጥኑን ሳንጨምር ወደ አንድ ቶን ይጠጋል፣ በሃምሳ ኪሎ ሸክም ሃያ አህያ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ የምር ውጊያ በገጠመ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል።

ስለዚህ አንድ ኃይል ወራት ሲዋጋ ካያችሁ ከሦስቱ አንዱ አለው ማለት ነው፤ የሚያበላው መሬት፣ የሚያቀብለው ድንበር ወይም ከተቃዋሚው የሚማርከው መጋዘን። እህል ከገበሬ ይገኛል፤ በውድ ካልሆነ በግድ። ጥይት ግን አይዘራም። የውጭ እጅ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ቀዳዳ ነው።

ሽብር የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። አደባባይ ላይ የሚፈነዳ አንድ መኪና ሃያ አህያ አይፈልግም፤ ጥቂት ሰዎች፣ የሚከራይ ቤትና ገንዘብ ይበቁታል። ጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ሞቃዲሾ ውስጥ ከአምስት መቶ በላይ ሰው የገደለው አንድ የጭነት መኪና ነው። በዚህ ምክንያት ድንበር መዝጋት አማፂን ያዳክማል፣ አሸባሪን ግን ላያቆመው ይችላል። አልሸባብን በተመለከተ ከጥይቱ ይልቅ ሒሳብ አያያዙን ማየት ይሻላል። ቡድኑ በኬላዎቹ ላይ የጭነት መኪናን ቀረጥ ያስከፍልና ደረሰኝ ይሰጣል፤ ያንን ደረሰኝ የያዘ ሹፌር በሚቀጥለው የቡድኑ ኬላ ዳግመኛ አይከፍልም። በሌላው ወገን ባሉ ኬላዎች ግን ደረሰኝ የለም፣ በየኬላው እንደ አዲስ ይከፈላል። ነጋዴው ሃይማኖትም ሆነ ፖለቲካ ሳያማክር መንገዱን በኪሱ ሒሳብ ይመርጣል። የጸጥታው ምክር ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. የሶማሊያን ከሰል ወደ ውጭ መላክ የከለከለውም ገንዘቡን ለማድረቅ ነበር። ከሰሉ ሲከለከል ኬላው ግን ሥራውን ቀጠለ፤ ኬላን በውሳኔ መከልከል አይቻልማ።

አሁን ወደ ድንበሩ እንመለስ። አማርኛ ለዚህ ጥሩ ቃል አለው፤ ደጀን። ተዋጊ የቆሰለበትን የሚያሳክምበት፣ የሚያሠለጥንበት፣ ቤተሰቡን የሚያስቀምጥበት፣ ሬዲዮ የሚያሰማበት ቦታ ነው። የጎንደር ሰው ይህን ከመጽሐፍ አልተማረውም። በ1969 ደርግን ይወጋ የነበረው ኢዲዩ (የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኅብረት) ሁመራንና መተማን ሲይዝ ጀርባውን የሰጠው ለሱዳን ነበር፤ በካርቱም የነበሩት ፕሬዚዳንት ኒሜሪ በራቸውን ከፍተውለታል። ሕወሓትና ሻዕቢያም በከሰላና በፖርት ሱዳን በኩል ዓመታት ሙሉ ተቀልበዋል፤ የእርዳታ እህል ጭምር በዚያ መስመር ይገባ ነበር። ደርግ ደግሞ ብድሩን በጋምቤላ መለሰ። ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደቡብ ሱዳኑ አማፂ፣ የጆን ጋራንግ ኤስፒኤልኤ፣ ጦሩን ኢታንግና ቢልፋም አካባቢ አሰፈረ፣ ሬዲዮውም ከኢትዮጵያ ምድር ይናገር ጀመር። አንተ የእኔን አማፂ ካስጠጋህ እኔም ያንተን፤ ሁለቱም መንግሥታት «በጎረቤት ጉዳይ ጣልቃ አንገባም» የሚለውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቃል በየስብሰባው ይደግሙት ነበር።

ደጀን ሲነቀል ምን እንደሚሆን ለማየት ግንቦት 1983 (1991 እ.ኤ.አ.) ይበቃል። ደርግ ወደቀ፣ አዲስ አበባ የገቡት ደግሞ የካርቱም ወዳጆች ነበሩ። ኤስፒኤልኤ በሳምንታት ውስጥ ከጋምቤላ ወጣ፤ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ስደተኛ ወደ ሱዳን ተመልሶ ፈሰሰ፤ ሬዲዮው ዝም አለ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 1991 እ.ኤ.አ.፣ ከኤስፒኤልኤ የተሰነጠቀው የናስር አንጃ ጋራንግን አውርደናል ብሎ ዐወጀ። ከዚያ በኋላ ደቡቦች እርስ በርሳቸው የተጋደሉት ግድያ ቀላል አልነበረም። ክፍፍሉ የቆየ ቂም አለው፤ ሆኖም ደጀኑ ሳለ ጋራንግ ጥይቱንና ራሽኑን ይዞ ስለነበር ማኩረፍ እንጂ መገንጠል ለማንም አይመችም ነበር። የውጭ እርዳታ የሚሠራው አንዱ ሥራ ይኸው ነው። ከጠላት ጋር ከማዋጋቱ ባልተናነሰ ወገንን አንድ ላይ ጠፍሮ ይይዛል። ሲቆም የሚፈታው ጠፍሩ ነው።

አፍጋኒስታን ይህንኑ ሁለት ጊዜ አሳይታለች። የሶቪየት ጦር የካቲት 1989 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሶቪየት የምትደግፈው የካቡሉ መሪ ነጂቡላህ በወራት ይወድቃል የሚል ግምት በዝቶ ነበር። አልወደቀም። በዚያው ዓመት ጃላላባድ ላይ የመጣበትን ጥቃት መክቶ ሦስት ዓመት ቆየ፤ ወታደሩ ወጥቶ ነዳጁ፣ ስንዴውና ገንዘቡ ይመጣ ነበርና። እርዳታው ጥር 1992 እ.ኤ.አ. ተቆረጠ፣ ሚያዝያ ላይ መንግሥቱ ፈረሰ። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካኖች ሲወጡ የአፍጋን አየር ኃይልን አውሮፕላኖች የሚጠግኑት የውጭ ኮንትራክተሮች አብረው ወጡ። በአየር መደገፍ የለመደ ጦር ድንገት መሬት ላይ ብቻውን ቀረ፤ ደመወዝ ዝርዝር ላይ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ በአካል አልነበረም። ካቡል ነሐሴ 15 ቀን ተያዘች። ልዩነቱን ልብ በሉ። በመጀመሪያው እግረኛው ሄዶ ስንቁ ቀረ፣ በሁለተኛው ግን ሁለቱም አብረው ሄዱ። ዜና የሚቆጥረው እግረኛውን ነው። እኔ ግን ሜካኒኩን ብቆጥር እመርጣለሁ።

ስለ አወጣጥ ከተነሳ የእኛው የመቅደላ ታሪክ በዚህ ዓይን ብዙም አይነገርም። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በ1860 የመጣው ለጠባብ ዓላማ ነው፤ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን ፈረንጆች ማስፈታት። ለዚህ 13,000 ወታደር፣ 26,000 ተከታይና ከ40,000 በላይ እንስሳ አሰለፈ፤ 44 ዝሆንም ነበረበት። አስሉት፤ ለአንድ ተዋጊ ሁለት ሰውና ሦስት እንስሳ ነው። ዙላ ላይ ወደብና ባቡር ሐዲድ ሠርቶ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላን ያዘ። ከዚያም መሬት አልፈልግም ብሎ ተመለሰ። በወረቀት ላይ ከዚህ የጸዳ ጣልቃ ገብነት አይገኝም፤ ገባ፣ ዓላማውን ፈጸመ፣ ወጣ።

ነገር ግን በትግራይ ሲያልፍ መንገድና ስንቅ ያመቻቹለት ደጃዝማች ካሳ ምርጫ ነበሩ፣ በውለታውም ሲመለስ መድፍ፣ ሞርታርና በመቶዎች የሚቆጠር ጠመንጃ ከጥይቱ ጋር ትቶላቸው ሄደ። ኪርክሃም የሚባል እንግሊዛዊም አብሯቸው ቀርቶ ወታደር ያሠለጥን ጀመር። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ሐምሌ 1863፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በቁጥር ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጦር ይዘው አድዋ አጠገብ ገጠሟቸው። ተሸነፉ፣ ተማረኩም። ካሳ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ። ለንደን ውስጥ ለዙፋኑ ማን ይሁን ብሎ የወሰነ ሰው አልነበረም። ውሳኔው የተወሰነው ይዞ ለመመለስ ከባድ በሆነ ዕቃ ነው። ዮሐንስ ጎበዝ የጦር መሪ ስለነበሩ ያለ እሱም ያሸንፉ ነበር የሚል አለ፤ ይሆናል፤ ግን ያን ያህል የቁጥር ብልጫ ሲሰበር መድፉን ከሒሳብ ማውጣት አይቻልም።

በ1934 የሆነውም ከዚህ ይዛመዳል። ቁልቋል በር ከወደቀ በኋላ የጣልያኑ ጄኔራል ናዚ ኅዳር 18 ቀን ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ፤ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የጣልያን ምሽግ ነበር። እንግሊዝና አርበኛው ጎን ለጎን ተዋግተው ያስለቀቁት ነው። አስለቃቂው እንግሊዝ ግን ኦጋዴንን እስከ 1948 እ.ኤ.አ.፣ ሐውድን እስከ 1955 እ.ኤ.አ. ይዞ አስተዳደረ። ለማስወጣት የፈጀው ድርድር ጣልያንን ለማስወጣት ከፈጀው ጦርነት ረዘመ።

እኛም በተራችን አስገቢም ገቢም ሆነናል። በ1970 ካራማራ ላይ ከኢትዮጵያ ወታደር ጋር የኩባ ወታደር ነበረ፤ በመንግሥት ጥሪ የመጣ ስለሆነ በዓለም አቀፍ ሕግ ብዙ አላከራከረም። ታኅሣሥ 2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያ ጦር ሶማሊያ ገባ፣ ሞቃዲሾን ይዞ የነበረውን የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረትን በቀናት በተነ፣ ጥር 2009 እ.ኤ.አ. ወጣ። የመጨረሻው ወታደር ከባይደዋ በወጣ ማግስት አልሸባብ ከተማዋን ያዘ። መጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. ዳግመኛ ገብቶ የነበረው ጦራችን የሶማሊያዋን ሁዱር ከተማ ሲለቅ አልሸባብ ለመግባት የፈጀበት ሰዓታት ነው። ይህ የወታደር ስንፍና አይደለም፣ የዘብ ጉዳይ ነው። ከተማ የሚጠብቅ ሰው መውጫው ከመድረሱ በፊት ደመወዙ እየተከፈለው፣ ምግቡ እየመጣለት፣ ሬዲዮው እየሠራ ቦታው ላይ መቆም አለበት። ተረካቢው የሚመጣው አስረካቢው ከወጣ በኋላ ከሆነ መሐል ላይ አንድ ሌሊት ባዶ ትቀራለች፤ ለአልሸባብ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ጣልቃ ለመግባት የሚያስችለው ሕግ ሦስት በር አለው። የመንግሥት ጥሪ፣ በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 51 መሠረት ራስን መከላከል፣ ወይም በምዕራፍ 7 የጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ። ለፈቃዱ ከ15 ድምፅ 9 ያስፈልጋል፤ ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱም «አይሆንም» ማለት የለበትም። ሊቢያን የሚመለከተው ውሳኔ ቁጥር 1973 መጋቢት 17 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ያለፈው በ10 ድምፅ ነው፤ ሩሲያ፣ ቻይና፣ ጀርመን፣ ህንድና ብራዚል ድምፀ ተዓቅቦ አድርገዋል። ወረቀቱ ላይ ያለው ሲቪሎችን መጠበቅ ነበር፣ መሬት ላይ የሆነው መንግሥት መገልበጥ። ጋዳፊ ጥቅምት ላይ ተገደለ። የጦር መሣሪያ መጋዘኖቹ ማን እንደሚዘጋቸው ማንም አላሰበም፤ ለጋዳፊ ያገለግሉ የነበሩ ቱዋሬጎች ትጥቃቸውን ጭነው ወደ ማሊ ተመለሱ፣ ጥር 2012 እ.ኤ.አ. ሰሜን ማሊ ተነሳ፣ መጋቢት ላይ ባማኮ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ሆነ። ሩሲያና ቻይና ከዚያ በኋላ ሶርያ ላይ የቀረቡ ውሳኔዎችን በጥርጣሬ ሲያዩና በርከት ያሉትን ሲጥሉ ሊቢያን ይጠቅሱ ነበር። የአፍሪካ ኅብረትም የራሱ በር አለው፤ የማቋቋሚያ ሕጉ አንቀጽ 4 (ሸ) በዘር ማጥፋትና በጦር ወንጀል ጊዜ አባል አገር ውስጥ መግባት ይፈቅዳል። ታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. ወደ ቡሩንዲ 5,000 ወታደር እልካለሁ አለ፤ የቡሩንዲው ፕሬዚዳንት ንኩሩንዚዛ «እንደ ወራሪ እንቆጥራችኋለን» አሉ፤ የመሪዎቹ ጉባኤ ሳያፀድቀው ቀረ። አንቀጹ ዛሬም ወረቀት ላይ አለ።

«አሸባሪ» ስለሚለው ቃል ብዙ ማለት አልፈልግም፣ ብዙ ተብሏል። የተባበሩት መንግሥታት ሁሉን የሚያስማማ ትርጉም ለማግኘት ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮሚቴ አቋቁሞ አልጨረሰም። በእኛ አገር በ2012 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1176 መሠረት ድርጅትን በሽብርተኝነት የሚሰይመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የሚያነሳውም እሱ ነው። ሕወሓት ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ተሰየመ፣ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ መጋቢት 13 ቀን 2015 ተነሳለት። ማንዴላ ከአሜሪካ የአሸባሪዎች መዝገብ የወጡት በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፣ ፕሬዚዳንትነታቸውን ጨርሰው ጡረታ ከወጡ ከዓመታት በኋላ። በሶርያው አማፂ መሪ አልሻራዕ ላይ የነበረው የአሥር ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ደግሞ ደማስቆን በያዘ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሰረዘ። የቋራው ካሳ ኃይሉም ሽፍታ ነበሩ፣ የካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ላይ እስከተቀቡበት ቀን ድረስ። ቃሉ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ባንክ ያዘጋል፣ ድርድርን ወንጀል ያደርጋል፣ እርዳታ ሰጪን ያስፈራራል። ስለዚህ ስያሜ ሲሰጥ «እውነት ነው ወይ?» ከማለት በፊት የትኛው በር እንደተዘጋ ማየት ይጠቅማል።

የእርስ በርስ ጦርነት የሚለውም በስሜት የሚለካ አይደለም። የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዓመት 25 ሰው በውጊያ ከሞተበት የትጥቅ ግጭት፣ 1,000 ካለፈ ጦርነት ይሉታል። ዳኞች ግን ሬሳ ብቻ አይቆጥሩም፤ የዩጎዝላቪያ የጦር ወንጀል ፍርድ ቤት በ1995 እ.ኤ.አ. ካየው የታዲች ክስ ጀምሮ ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፣ ውጊያው የተራዘመ ነው ወይ፣ ታጣቂውስ የተደራጀ እዝ አለው ወይ? ሁለቱም ካሉ መንግሥት ፈለገም አልፈለገም የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 ይሠራል፤ እጁን የሰጠና የቆሰለ ሰው አይገደልም፣ አይሰቃይም። «ሕግ ማስከበር ነው» ማለት ይህን አይሽረውም።

ጦርነት ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ የተሸነፈው ሠራዊት የት ይግባ? ኢራቅ ውስጥ ግንቦት 23 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. የአሜሪካኖቹ አስተዳዳሪ ፖል ብሬመር በትእዛዝ ቁጥር 2 ሠራዊቱን በተነ። ወደ 400,000 የሚጠጋ ሰው ያለ ደመወዝ፣ ግን ከነጠመንጃውና ከነሙያው ቤቱ ገባ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ሞሱልን በያዘው አይሲስ አመራር ውስጥ የዚያ ሠራዊት መኮንኖች ነበሩ። በ1983 የተበተነው የእኛ ሠራዊትም ከዚያ የሚያንስ አልነበረም፤ ስንቱ መኮንን በየመንገዱ እጁን ዘርግቷል። ለምን ጦርነት አልሆነም? እንደ እኔ አስተያየት ምክንያቱ ደግነት አይደለም። ሱዳንም አስመራም የአሸናፊው ወዳጅ ስለነበሩ ደጀን የሚሰጥ ጎረቤት አልተገኘም፣ ሶቪየትም ራሷ እየፈረሰች ነበር፣ አብዛኛው ተራ ወታደር ደግሞ የሚመለስበት ማሳ ነበረው። ባግዳድ ያለው መኮንን ማሳ አልነበረውም፤ ከጎኑ ግን ሶርያ የሚባል ክፍት ድንበር ነበረው።

ይህን ሁሉ ይዘን ሱዳንን እንያት፤ ከጎንደር በመተማ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ በ1880 ደርቡሽ አብያተ ክርስቲያናቱን ሊያቃጥል የመጣበት መንገድ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጦርነት የሁለት ሠራዊት ጦርነት ነው፤ አንዱ የመንግሥቱ ሠራዊት፣ ሌላው ፈጥኖ ደራሹ (አርኤስኤፍ)፣ ከዳርፉሩ ጃንጃዊድ ሚሊሻ ወጥቶ በ2017 እ.ኤ.አ. በሕግ የተቋቋመ፣ በዚያው ዓመት ዳርፉር ያለውን የጀበል ዐሚርን ወርቅ የጨበጠ። ወርቅ ማለት ደጀንን በጥሬ ገንዘብ መግዛት ማለት ነው። ሠራዊቱ መጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ካርቱምን አስመለሰ፤ ፈጥኖ ደራሹ ከአንድ ዓመት ተኩል ከበባ በኋላ ጥቅምት ላይ የዳርፉሯን ኤል ፋሸር ከተማ ያዘ። ያን ያህል ከበባ በእህል አይመገብም፤ ተተኳሽ በመደበኛ መስመር ሲገባ ነበር።

የጦር መሣሪያ ማዕቀብ የለም ወይ? አለ፤ ግን አንብቡት። በ2004 እና በ2005 እ.ኤ.አ. የወጡት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔዎች ቁጥር 1556 እና 1591 የሚከለክሉት ዳርፉር ውስጥ የሚገባውን ብቻ ነው። ፖርት ሱዳን ላይ የሚወርድ ሳጥን በዚህ ውሳኔ አይነካም። ወደ ዳርፉር የሚገባውም ቢሆን በረሃው ላይ ፈታሽ የለውም። ማዕቀቡ በየዓመቱ መስከረም 12 እ.ኤ.አ. አካባቢ ይታደሳል፤ እኛ እንቁጣጣሽን ባከበርን ማግስት መሆኑ ነው። ሲታደስ «ዳርፉር» የምትለዋ ቃል እስካሁን እንዳለች ናት።